ኮከቡን ማን መረጠው?

ድሬዳዋ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፍራሹን፣ ትራሱንና የሞቀ ወሬውን ትታችሁ እዚህ መምጣታችሁ ቀላል ውለታ አይደለምና ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሬ የሚጀምረው ከአንድ ቴርሞስ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ሜዳ በሚሆንበት ወራት፣ የሰፈር ልጆች ውድድር ነበር። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ መስመሩ በእግር የተጫረ ነው፤ ፊሽካው ደግሞ የእኔ። የስፖርት አስተማሪ ነበርኩና ዳኝነቱ የደረሰኝ ከእውቀቴ ይልቅ በፊሽካዬ ምክንያት ይመስለኛል። ለአሸናፊው ቡድን አንድ ፍየል ተገዝቶ ነበር። ፍየሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዳር ላይ ታስሮ ጨዋታውን ሁሉ ይከታተላል። በፍጻሜው ዕለት ጠዋት አንድ ባለሱቅ ቀይ አበባ የተሳለበት ቴርሞስ ይዘው መጡና "ይሄ ደግሞ ለኮከብ ተጫዋች" አሉ። ኮከቡን ማን ይምረጥ? ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ኮከቡ ማን እንደሆነ ፍየሉም ያውቅ ነበር። አንድ ቀጭን ልጅ ነው፤ አብዶ ሲሠራ ሦስት ሰው አስቀምጦ ያልፋል፤ ኳሷ ለእሱ ብቻ የምትታዘዝ ይመስላል። ይሁንና በፍጻሜው መሃል፣ ኳሷ ወዲያ ማዶ ሳለች፣ ማንም አያየኝም ብሎ በዕድሜ ከሱ በሚያንስ ተከላካይ ፊት ላይ ክርኑን አሳረፈ። እኔ አየሁ። ፊሽካ ግን አልነፋሁም፤ የተመታው ልጅ ተነስቶ መሮጥ ጀምሮ ነበርና አለፍኩት። ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ቴርሞሱን ለዚያው ለተመታው ተከላካይ ሰጠሁት። አቤት ጩኸት! አንዲት እናት "ወርያ! ዳኛውን ፀሐይ መታው እንዴ?" ያሉት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ልክ ሠርቻለሁ ብዬ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ልክ እንዳልሠራሁ የገባኝ በአንድ ከእኛ በጣም ሩቅ በሆነ አገር ጨዋታ ነው።

የአጎቴ ልጅ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ ይኖራል። ከከተማው በስተ ምዕራብ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር አለ። ሀበሻው የከተመው እዚያ ነው፤ እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው ሁሉ እዚያ ይገኛል። ያው ፉትስክሬይ ደግሞ የአንድ ትልቅ ክለብ አገር ነው፤ ዛሬ ዌስተርን ቡልዶግስ ይባላል፣ ድሮ ስሙ ራሱ ፉትስክሬይ ነበር። ክለቡ የሚጫወተው የእኛን እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። ሜዳው ሞላላ፣ ኳሷም ሞላላ፤ በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል፤ በየጎሉ 4 ምሰሶ ቆሟል። በመካከለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መሃል ኳሷን በእግር መትቶ ያሳለፈ 6 ነጥብ፣ በዳሮቹ ያሳለፈ 1 ነጥብ ያገኛል። በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፤ ሰው መጣልም በደንቡ ይፈቀዳል። "ጋሼ፣ ትግል ነው፤ ኳስ የገባበት ትግል" አለኝ የአጎቴ ልጅ። ይህን ስሰማ ከጨዋታው ይልቅ ዳኞቹ አሳዘኑኝ።

በኋላ ግን ስለ ዳኞቹ ሌላ ነገር ነገረኝ። በዚያ አገር ትልቁን የግል ሽልማት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ሽልማቱ ብራውንሎው ሜዳሊያ ይባላል። ቻርልስ ብራውንሎው የጂሎንግ ክለብ ሰው ነበር፤ በተጫዋችነት ጀምሮ ረጅም ዘመን በአስተዳደር አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሞት በዚያው ዓመት ሜዳሊያው በስሙ ተቀረጸ፤ የመጀመሪያው ተሸላሚም ከዚያው ከጂሎንግ የወጣው ካርጂ ግሪቭስ ሆነ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የሜዳ ዳኞቹ ተመካክረው ለዕለቱ ምርጥ 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 ድምፅ ይሰጣሉ። ወረቀቱ ይታሸጋል። ዓመቱን ሙሉ ማንም አያየውም። የፍጻሜው ጨዋታ ሳምንት ሲደርስ ሰኞ ማታ ተጫዋቹ ሁሉ ሱፉን ለብሶ፣ ከነሚስቱ ከነእጮኛው ተቀምጦ፣ አገር በቴሌቪዥን እያየ፣ ድምፁ ዙር በዙር ይነበባል። ሰው ላብ በላብ ይሆናል አሉ፤ ያውም ያለ ድሬ ሙቀት!

የሜዳሊያው መስፈርት ወደ አማርኛ ሲመለስ "ጨዋውና ምርጡ" ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ ጨዋው ይቀድማል። እኛ "ጨዋ" እና "ጨዋታ" የሚሉ ሁለት ቃላትን እንደ መንትያ አሳድገን አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘት የረሳን ሰዎች ነን። አውስትራሊያውያኑ ይህን በተጻፈ ደንብ አስረውታል። በዓመቱ ውስጥ በጥፋት አንድ ጨዋታ እንኳ የታገደ ተጫዋች፣ ድምፁ ይቆጠርለታል እንጂ ሜዳሊያውን አይወስድም።

አሁን ወደ ፉትስክሬይ ሰፈር እንመለስ። ክሪስ ግራንት የቡልዶግስ ተጫዋች ነበር፤ ሰፈሩ የሚወደው፣ በጠባዩም የተመሰገነ። እ.ኤ.አ. በ1997 በውድድሩ መጀመሪያ አካባቢ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ሲታገል እጁን ሰነዘረና መታው። የሜዳው ዳኞች አልከሰሱትም። ሊጉ ግን በኋላ ፊልሙን አይቶ አንድ ጨዋታ አገደው። አንድ ጨዋታ! ወራት አለፉ፤ ሁሉም ረሳው። ሰኞ ማታ ድምፁ ሲነበብ ግራንት 27 ሆነ። ከእሱ ቀጥሎ የሴንት ኪልዳው ሮበርት ሃርቪ 26። ሜዳሊያው የተንጠለጠለው በሃርቪ አንገት ላይ ነው። በዓመቱ ሃርቪ ደግሞ ወሰደው፤ ግራንት ግን ሜዳሊያውን አንድም ቀን ሳያገኝ ጫማውን ሰቀለ።

የአጎቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ እንደ ትልቅ ግፍ አድርጎ ነው። የቡልዶግስ ሰው ዛሬም ያዝናል። እኔ ግን ስሰማ የታየኝ የደቻቱ አሸዋ ነው። እዚህም ዳኛው ሳይነፋ የታለፈ ምት አለ፤ እዚህም ምርጡ ልጅ ሽልማቱን ተነፍጓል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ግራንትን ሜዳሊያውን የነሳው ደንብ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ ያለ ደንብ ነው። ማንን እንደሚጎዳ ማንም ሳያውቅ የተጻፈ ነው። የእኔ ደንብ የወጣው ቴርሞሱን በእጄ ይዤ ሳለ ነው። ለዚያ ቀጭን ልጅ ማንም አስቀድሞ "ክርን የሰነዘረ አይሸለምም" አላለውም። የዚያች እናት ቁጣ እውነት ነበረው።

የዛሬው ንግግሬ አንድ ፍሬ ነገር ቢኖረው ይኸው ነው፤ የአንድ ሽልማት ክብር የሚታወቀው ከሸለመው ይልቅ በከለከለው ሰው ነው። መስጠትማ ማንም ይሰጣል። የሚወደድን ሰው፣ ሕዝብ እያየ፣ አስቀድሞ በተጻፈ ደንብ "ለአንተ አይገባም" ማለት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ያ ዋጋ ነው ብረቱን ወርቅ የሚያደርገው።

ብራውንሎው እንከን የለበትም አላልኩም። ዳኛ የሚያየው ኳሷ ያለችበትን ነውና ድምፁ የሚያደላው ለአማካዮች ነው። በጎል ብዛት የዚያን ጨዋታ ክብረ ወሰን የያዘው ቶኒ ሎኬት፣ 1360 ጎል ያገባው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሜዳሊያውን ከሌላ ተጫዋች ጋር ተካፍሎ ወሰደ፤ ከጎል ፊት ቆሞ ከሚጫወቱት አጥቂዎች ይህ የተሳካለት እሱ ብቻ ነው። ሌላም አለ። የኤሰንደኑ አምበል ጆብ ዋትሰን የእ.ኤ.አ. 2012ን ሜዳሊያ ወስዶ ነበር፤ እሱና የክለቡ ጓደኞቹ በተከለከለ መድኃኒት ጉዳይ ሲታገዱ ከአራት ዓመት በኋላ መለሰው፤ በድምፅ ለተከተሉት ለሁለት ሰዎች ተሰጠ። የተሰጠን ሜዳሊያ ከቤት ማስመጣት! እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ይላካል።

ተጫዋቾቹ ደግሞ የራሳቸው ሽልማት አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ እርስ በርሳቸው ድምፅ ይሰጣጣሉ። የመጀመሪያውን የወሰደው ሊ ማቲውስ ነው፤ ዋንጫው ዛሬ የሚጠራውም በእሱ ስም ነው። ማቲውስ ብዙዎች ከዘመናት ሁሉ ምርጡ የሚሉት ሰው ሲሆን ብራውንሎውን ግን አንድም ጊዜ አላገኘም። አይገርምም፤ ኳስ በሌለበት ተጋጣሚውን መትቶ በፍርድ ቤት እስከ መከሰስ የደረሰ ሰው ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ሁለት ክብሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ "ማንን ትፈሩታላችሁ?" ብሎ ተጋጣሚን ይጠይቃል፤ ሌላው "ማን ተጫውቶ አስደሰታችሁ፣ ሕግም አከበረ?" ብሎ ዳኛን። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን አስበልጦ ቢወድ አልፈርድበትም። ሕዝቡ ግን ሰኞ ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚቀመጠው ለሁለተኛው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በጎል ብዛት ለሚመራው የጆን ኮልማን ሜዳሊያ አለ፤ ኮልማን በ98 ጨዋታ 537 ጎል አግብቶ ገና በ25 ዓመቱ ጉልበቱ የከዳው ሰው ነው። በፍጻሜው ጨዋታ ለላቀው ደግሞ የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረ። ይህን ሜዳሊያ የምወደው ለተሸናፊም ስለሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ጋሪ አብሌት በፍጻሜው 9 ጎል አገባ፤ ቡድኑ ጂሎንግ ግን በ6 ነጥብ ተሸነፈ፤ ሜዳሊያው የአብሌት ሆነ። ከተሸናፊ ቡድን ኮከብ መምረጥ ለመራጩ ቀላል እንዳልሆነ የምናውቀው እኛ ነን፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም.። ሦስተኛው ሲመጣ ግማሹ ድግስ የተደገሰው እዚችው ድሬ ላይ ነበር። ከመካከላችሁ ያኔ ሜዳ የገባችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ፤ ስናገር ብሳሳት አርሙኝ። ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮና ሱዳን የተጫወቱት ድሬዳዋ ነው። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆኖ መጥቶ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ዋንጫ ላይ የተሰለፈ ቡድን ይዞ፣ አንድም ሳያሸንፍ ከዚህ ተሰናበተ። ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 የረታውም እዚሁ ነው። የሞሮኮ አምበል አሕመድ ፈራስ ይባላል። ሙሉ ዘመኑን በተወለደባት በሞሐመዲያ ክለብ የተጫወተ፣ ወደ ድሬ ሲመጣ የእ.ኤ.አ. 1975ን የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋችነት ገና በእጁ ይዞ የመጣ ሰው ነው። መጋቢት 5 ቀን 1968 አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋችም ፈራስ ተባለ። ፈራስ እ.ኤ.አ. በ2025 አርፏል። የአህጉሩ ኮከብ ከባቡር ጣቢያችን አቅራቢያ ተጫውቶ መሄዱን የሚነግር አንድ ሰሌዳ እንኳ አይቼ አላውቅም።

አሁን ሦስቱን ውድድሮች ደርድሯቸው። በ1954 ኮከቡ መንግሥቱ ወርቁ፤ ዋንጫው የኢትዮጵያ። በ1960 ኮከቡ ካዛዲ ምዋምባ፤ ዋንጫው የኮንጎ ኪንሻሳ፣ የኋላዋ ዛየር። በ1968 ኮከቡ ፈራስ፤ ዋንጫው የሞሮኮ። ሦስቱም ጊዜ ኮከብነቱ ዋንጫውን ተከትሎ ሄደ። አንዳቸውንም አልነፍግም፤ መንግሥቱ ወርቁን የሚነፍግማ ከዚህ አዳራሽ በሰላም አይወጣም። ግን ኮከብ ግብ አግቢዎቹን ተመልከቱ። በ1954 መንግሥቱ ከግብፁ ባደዊ ጋር እኩል 3 አገባ፤ የባደዊ ቡድን በፍጻሜው የተሸነፈው ቡድን ነው። በ1960 የኮትዲቯሩ ሎራን ፖኩ 6 አገባ፤ አገሩ ሦስተኛ ወጣ። በ1968 የጊኒው ኬይታ 4 አገባ፤ አገሩ ሁለተኛ። ጎል የሚቆጠር ነገር ነው፤ ዋንጫ ይከተል አይከተል ግድ የለውም። የሰው ዓይን ግን የዋንጫው ብልጭታ ያጥበረብረዋል። አሸናፊው ሲደምቅ አምበሉም አብሮ ይደምቃል፣ መራጩም ማንም የማይቃወመውን ስም ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሽልማት ማንንም አይከለክልም፤ ቀድሞ ለተሰጠው ደግሞ ይጨምራል።

ነገሩ በተቃራኒው ሲሆንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዚነዲን ዚዳን ማቴራዚን በቴስታ ደረቱን ሲለው ድሬ ውስጥ ያልተንጫጫ ቤት አልነበረም። ቀይ ካርድ አይቶ፣ በዋንጫው አጠገብ አልፎ ወጣ። በማግስቱ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች እሱ ነው ተባለ፤ የመረጡት ጋዜጠኞች ናቸው። ዚዳንን እወደዋለሁ። በኳስ ከእሱ የሚበልጥ አልነበረም ብትሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን የተሸለመውን ወርቃማ ኳስ ከክሪስ ግራንት ባዶ አንገት ጎን አቁማችሁ መዝኑት። ለአንድ ጡጫ 27 ድምፅ ያስቀረ አገር አለ፤ ለቴስታ ኳስ የሸለመ ዓለምም አለ። ሚዛኑ ለእኔ የቱ ጋ እንዳዘነበለ ገምታችኋል።

ስለ ባሎንዶር ባልናገር ወጣቶቹ አይለቁኝም። ሜሲ 8፣ ሮናልዶ 5፤ ይህ ቁጥር ድሬ ውስጥ ስንት ጓደኝነት አፍርሷል፣ ስንት በርጫ በትኗል! ፍራንስ ፉትቦል የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1956 ጀመረው፤ ያኔ ለአውሮፓውያን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ያው መጽሔት ለአፍሪካ የተለየ ሽልማት ከፈተና የመጀመሪያውን የማሊው ሳሊፍ ኬይታ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1995 በር ሲከፈት ላይቤሪያዊው ጆርጅ ዊሃ ዋናውን አነሳ። ከእነዚህ ሁሉ ተሸላሚዎች መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ ስም የለም። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚቆረቁረኝ ስለ መራጮቹ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የወንዶቹን ባሎንዶር የሚመርጡት በፊፋ ደረጃ እስከ 100 ያሉ አገሮች ጋዜጠኞች ብቻ ሆነዋል። እኛ ከመቶው ውጭ ነን። በአንጻሩ ፊፋ ራሱ በሚሰጠው ሽልማት የየብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝና አምበል፣ ከየአገሩም አንድ ጋዜጠኛ ይመርጣሉ፤ የዋልያዎቹ አምበል ድምፅ ከብራዚሉ አምበል ድምፅ እኩል ይመዝናል። ታዲያ የምንጣላው ድምፅ ስለሌለን ሽልማት ነው፤ ድምፅ ስላለን ሽልማት የሚያወራ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ለምን? ባሎንዶር ያረጀ ነው፤ ታሪክ አለው፤ የፊፋው ስሙን ሁለት ጊዜ ቀያይሯል። ሽልማት እንደ ጠጅ ነው፤ ጋኑን በየዓመቱ የሚያገላብጥ ባለቤት አያጣፍጠውም።

ሯጮቻችን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናቸው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ቀነኒሳ በ2004 እና በ2005፣ መሠረት በ2007፣ ገንዘቤ በ2015፣ አልማዝ በ2016 የዓለም የዓመቱ ምርጥ አትሌት ተብለዋል። ቢሆንም ቀነኒሳን ስናስብ ትዝ የሚለን የመጨረሻው ዙር ነው፣ ሰዓቱ ነው፤ የጋላው ምሽት አይደለም። ሰዓት ጉቦ አይበላም፤ ዘመድም የለውም። ኳስ ግን ሰዓት የለውምና ዓይን ያስፈልገዋል። የዛሬው ጭንቀቴ ሁሉ ስለዚያ ዓይን ነው።

ወደ ራሳችን ሊግ ልምጣ። በ1993 ዓ.ም. ዮርዳኖስ ዓባይ ለኤሌክትሪክ 24 ጎል አገባ። በ2009 ጌታነህ ከበደ ለደደቢት 25 አግብቶ ክብረ ወሰኑን ወሰደ። በ2013 አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አስቆጠረ፤ የዚያ ዓመት ጨዋታዎች በየከተማው እየዞሩ ሲካሄዱ ድሬም አስተናግዳለች፤ ዋንጫውን ግን ፋሲል ከነማ ወሰደ። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ሳላይ ነው የነገርኳችሁ፤ ከእናንተም ብዙዎቹ ከእኔ ቀድማችሁ በከንፈራችሁ ስትሏቸው አይቻለሁ። አሁን ልጠይቃችሁ፤ በ1993 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ማን ነበር? በ2009ስ? ... ዝምታውን ሰማችሁት። ተጫዋቹ አልጠፋም፤ ሽልማቱ ነው ቦታ ያጣው። ማን እንደመረጠ፣ በስንት ድምፅ እንደመረጠ፣ ለጥቂት ማን እንደቀረ የሚታወቅ ነገር ከሌለ ሰው የሚይዘው ቁጥሩን ነው። የግራንትን 27 እና የሃርቪን 26 በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ሆኜ የማውቀው ድምፁ በአደባባይ ስለተቆጠረ ነው።

የእኛ ሽልማት ደግሞ ስም የለውም። አውስትራሊያውያኑ ሜዳሊያውን ብራውንሎው፣ ኮልማን፣ ስሚዝ እያሉ ይጠሩታል፤ ልጅ "ኮልማንን ወሰደ" ሲል የሟቹን ጉልበት አብሮ ይጠራል። እኛ "የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች" እንላለን። ኮከብ መች አነሰን? ስም የሌለው ኮከብ ግን ሰማይ ላይም ቢሆን ማንም አይፈልገውም።

ስለዚህ ዛሬ እዚህ የመጣሁት አንድ ነገር ይዤ ነው፤ ሐሳብ ነው፣ ለመጣልም ለማንሳትም የእናንተ ነው። ድሬ የራሷ ሜዳሊያ ይኑራት። ከፌዴሬሽን ትዕዛዝ መጠበቅ የለብንም፤ ከሰፈር ውድድር ይጀመር። ስሙንም አስቤበታለሁ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 የረታው ቡድን አምበል ነው። ኢትዮጵያ በራሱ በሉቺያኖ፣ በወንድሙ በኢታሎና በመንግሥቱ ወርቁ ጎሎች ጭምር ያሸነፈች ዕለት ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። የተወለደው አሥመራ ነው፣ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ከዚያ ለእኛ ለድሬ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ለኮተን ተጫወተ። ኮተን ከ1952 እስከ 1957 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ የወሰደ ክለብ ነው፤ የዛሬ ልጅ ስሙን ሲሰማ የጨርቅ ዓይነት ይመስለዋል። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን አገር ለቆ ጣሊያን ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አረፈ። አሥመሬም ነው፣ ጣሊያንም ነው፣ ሀበሻም ነው፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ አንድ ቡና ቤት የጠጡባት ከተማ ከዚህ የሚመስላት ስም ከየት ታገኛለች?

ድምፅ የሚሰጡት ዳኞች ይሁኑ። ሳቃችሁን ጠብቄው ነበር፤ ሳቁ። ዳኛ ይሸጣል የሚል ከፊት ወንበር ላይም ሰማሁ። እንግዲህ ስሙኝ። ዳኛ የሚታማው ለብቻው በአንድ ቅጽበት ሲወስን ነው። እዚህ ግን ሦስቱ ዳኞች ጨዋታው እንዳለቀ ተማክረው 3፣ 2፣ 1 ብለው ይጽፋሉ፤ ፖስታው ይታሸጋል፤ ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱን ከከዚራ ሰፈር፣ ሌላውን ከመጋላ ሰፈር የሚመረጥ ሽማግሌ ይያዘው። ለእርስ በርስ ጥርጣሬያችን ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የለም። ውድድሩ ሲያልቅ አንድ ማታ፣ ነፋሻ ቦታ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ይነበብ። ለማን ስንት እንደተሰጠ ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ዳኞች እንደሰጡም ይነበብ። ያኔ ዳኛውም ተጫዋቹ በሚዳኝበት ዓይን ይዳኛል። አድሎ ያደረገ ዳኛ በማግስቱ ሻይ ቤት መግባት የማይችልባት ከተማ ናት ይህቺ።

ደንቡ ደግሞ ዛሬ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ሳናውቅ ይጻፍ። በውድድሩ ውስጥ አንድ ቀይ ካርድ ያየ፣ ድምፁ ይቆጠርለት፣ ሜዳሊያውን ግን አይውሰድ። ይህችን አንቀጽ ለቅቄ የምስማማበት ሌላ ነገር የለም፤ ስሙን ለውጡ፣ ሳጥኑን አስፉት፣ ቁልፉን ሦስት አድርጉት፣ ይህችን ግን አትንኩብኝ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ላይደርስ ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ግን ከተማው ሁሉ የሚወደው፣ ሕፃናት ስሙን በጀርባቸው የጻፉት አንድ ልጅ ከሁሉ በላይ ድምፅ ያገኝና፣ ሜዳሊያው አጠገቡ ለተቀመጠው ይሰጣል። ያን ማታ አዳራሹ ምን እንደሚመስል ይታየኛል። የተከለከለውን ልጅ እናት ድምፅ ከአሁኑ እሰማዋለሁ፤ "ወርያ" ብለው ነው የሚጀምሩት።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ተቃውሞ ያለውም እንዲሁ። ከመካከላችሁ ባጃጅ የሚነዳ ካለ ግን ከስብሰባው በኋላ ስልክ ቁጥሩን ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል፤ ለዚያ ማታ አስቀድሜ ልያዘው።